በአባዬ ነጠላ ሥር

ባለፈው ቅዳሜ የቦርሳዬ ዚፕ ተበላሽቶ፣ መሀል ከተማ በረንዳ ላይ ከሚሰፋ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው የማላዊ ሰው ነው፤ ዝምተኛ። ቦርሳዬን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ የዘይት ጠርሙስ አንሥቶ የስፌት መኪናው ላይ ጠብ ጠብ አደረገ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። ኧረ በእውነት! አንድ እግሬን አውልቄ፣ ካልሲዬ የጆበርግን አስፋልት ከረገጠ በኋላ ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት። ሰውየው ደንግጦ፣ "ሲሲ፣ ደህና ነሽ?" አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ደህና ግን አልነበርኩም።

ይህን የምታክል ሴት የመኪና ዘይት ሲሸታት ጫማ የምታወልቀው ለምንድን ነው ለሚል ሰው መልሱ ያለው እዚሁ ጆበርግ፣ ቤሪያ የሚባል ሰፈር ነው፤ እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጃካራንዳው አብቦ መንገዱን ሐምራዊ ባደረገበት፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በየቀኑ በሚቆጣበት ወቅት።

እኔና እማዬ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ነበረችን። ሊፍቱ እኔ ሳልወለድ የሞተ ነው። ቤቱን የተከራየው ጋሽ ታደለ የሚባል ጄፒ ጎዳና ላይ ቀበቶ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ እሱ ሳሎኑ ውስጥ መጋረጃ ጋርዶ ይተኛል፣ መኝታ ቤቷን ለእኛ አከራይቶን ነበር። ክፍላችን ውስጥ አንድ አልጋ አለ። አልጋው ሥር ሻንጣ አለ። ጥግ ላይ ደግሞ እሱ ነበረ።

እሱ የምለው በትንሽ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ አረንጓዴ ጥለት ባለው የአባዬ ነጠላ ከላይ እስከ ታች የተሸፈነ ነገር ነው። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሣ ድስቶቻችንን እንኳን የመስኮቱ ብረት ላይ ነበር የምናንጠለጥለው፤ እሱ ላይ ግን አንዲት ሲኒ ተቀምጣ አታውቅም። እማዬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ "እንዳትነኪው፣ እንዳትጠጊው" ትለኝ ነበር። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት ፊቱ ቆማ ግንባሯን ነጠላው ላይ ታሳርፍና ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ጠጋ ያልኩ እንደሆነ ከነጠላው ሥር የዘይት ሽታ ይመጣ ነበር፤ የወጥ ዘይት ያልሆነ፣ የፀጉር ዘይትም ያልሆነ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ታቦት ተምሬአለሁ። ተሸፍኖ ይወጣል፣ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ከጨርቁ ሥር ያለውን ከካህን በቀር ማንም አያይም። አንድ ቀን ዲያቆኑን ሰው ቢነካውስ ብዬ ብጠይቀው፣ በድሮ ጊዜ አንድ ሰው ሊወድቅ ነው ብሎ እጁን ሰደድ ቢያደርግ እዚያው በድን ሆኖ መቅረቱን ነገረኝ። የሜሮን ዘይትንም ነገረን፤ ቅዱስ ነገር ሁሉ በእሱ እንደሚቀባ። እኔም በልጅ አእምሮዬ አንዱን ካንዱ ቀጣጠልኩት። እኛ ቤት ታቦት አለ።

አመጣጡንም አውቅ ነበር። አባዬን እግዚአብሔር ወሰደው ብለውኛል። ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሰው መጥቶ ሲያለቅስ፣ አባዬ ሳይመለስ ሲቀር፣ ያ ነገር የአባዬን ነጠላ ለብሶ ጥጋችን ላይ ቆመ። ስለዚህ እግዚአብሔር አባዬን ወስዶ ምትኩን ታቦት ሰጠን ማለት ነው። እያዘንኩም ቢሆን ትልቅ ክብር መስሎ ይሰማኝ ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ እሰግድለታለሁ፣ ስመለስ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ፣ ሲከፋኝ እንኳን ኮሪደር ወጥቼ ነበር የማለቅሰው። ለአንድ ሰው ብቻ ተናግሬአለሁ፤ ከታች ፎቅ ለነበረችው ለጓደኛዬ ለታንዲ። እቤታችን የእግዚአብሔር ሳጥን አለ ስላት፣ እንግዲያው ሊፍቱን እንዲሠራልን ንገሪው አለችኝ። ተቀይሜ ብዙ ቀን አላናገርኳትም።

ሁለተኛው ስሕተቴ ደግሞ የጾም ነው። እማዬ መሀል ከተማ አንድ መጋረጃ መሸጫ በር ላይ ቆማ የሰው እጅ ትጠብቅ ነበር፤ ሌባ እንዳይነካ። ከዚያ የምታገኘው ለኪራይና ለእንጀራ ነው። እኔ አንድ ነገር ባማረኝ ቁጥር "ጾም ነው" ትለኛለች። አይስክሬም ስጠይቅ ጾም ነው፤ እሺ፣ ወተት አለበት። ቸኮሌትም እሺ። ጫማዬ ሲቀደድም ግን ጾም ነው። የክፍሌ ልጆች የአራዊት መጠበቂያ ሊያዩ ሲሄዱም ጾም ነው። ጋሽ ታደለ በፋሲካ ማግስት ሥጋ እየበላ ኑ ብሉ ሲለን እንኳን፣ "ተይ፣ ጾም ነው" አለችኝ። ስለዚህ ከሌላው ክርስቲያን ሁሉ የተለየ የራሳችን ጾም አለን ብዬ ደመደምኩ። ረጅም ጾም ነው፤ ግን ጾም እስከሆነ ድረስ የሚፈታበት ቀን አለው። ያ ቀን መቼ እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር የምፈራው።

አልጋው ሥር ባለው ሻንጣ ውስጥ ከነፕላስቲኩ የተቀመጠ ነጭ አንሶላ ነበር፤ በሠርጓ የተሰጣት። ለምን አንተኛበትም ስላት፣ "እኛ ምኖች ነን? ለአገር ቤት ነው" ትለኛለች። "እኛ ምኖች ነን" የቤታችን ጸሎት ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሁሉም ኋላ፣ ጫማ የሚወልቅበት ጋ ነበር የምንቆመው። ጠበል ጸዲቅ ሲታደል እጇን የምትዘረጋው በመጨረሻ ነው፣ አመሰግናለሁ የምትለው ግን ሰጪውን እስኪያሳፍረው። እኔም ከእሷ ተምሬ አንገቴን ትከሻዬ ውስጥ ቀብሬ መሄድ ለምጄ ነበር። ታዲያ በዚያ ላይ ቆንጆ ነበረች እናቴ፤ እልፍነሽ ነው ስሟ።

በዚያ ወቅት ነው የጋሽ ታደለ እናት ከአገር ቤት የመጡት። መነኩሴ ናቸው፤ እማሆይ ነው የምንላቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሊያሳክማቸው ነው ልጃቸው ያመጣቸው፤ ሐኪሙ ቀጠሮ እየሰጠ እያራዘመ አስቀመጣቸው። አራቱን ፎቅ በመቋሚያቸው እየተመሩ፣ በየደረጃው ያገኙትን ሁሉ በአማርኛ እንደምን አደርሽ እያሉ ሲወጡ የዙሉ ሴቶች "ሳውቦና ጎጎ"፣ እንደምን ነሽ አያቴ፣ ይሏቸዋል። "አሜን፣ አንቺንም ያኑርሽ" ብለው ያልፋሉ። የሚፈሩት ነገር አልነበረም። ቤሪያን የሚያህል ሰፈር፣ ትልልቅ ወንዶች ስልካቸውን ጫማቸው ውስጥ ደብቀው በሚሄዱበት መንገድ ላይ፣ መሀል ለመሀል ነበር የሚራመዱት። እሳቸውን እጅ ይዞ መምራት የእኔ ሥራ ሆነ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ክሊኒክ፣ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆም አሉና የዩኒፎርሜን አንገትጌ በጣታቸው ዳሰሱት። ዩኒፎርሙ የሌላ ልጅ ነበር፤ ሰፊውን እማዬ በእጇ አጥብባው ነው። ከአንገትጌው ወደ ትከሻዬ፣ ከትከሻዬ ወደ እጅጌዬ ዳሰሱና ማን እንደሰፋው ጠየቁኝ። እማዬ ናት አልኳቸው። በመርፌ ነው? አዎ፣ በመርፌ። "እልፍነሽ? ያቺ የምታጎነብሰው?" አሉና ዝም ብለው ሄዱ። እኔ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ዩኒፎርሙን ያበላሸነው መስሎኝ።

ማታ ማታ ደግሞ ወንጌል አነብላቸዋለሁ። ፊደሉን በሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ ግን አነባበቤ እንደ ሽባ አህያ ነበር። ጌታው ለአገልጋዮቹ መክሊት ሰጥቶ የሄደበትን ታሪክ ሳነብ፣ ያ አንዱን መክሊት ወስዶ የቀበረው ጋ ስደርስ አስቆሙኝ። ለምን ቀበረው? አሉኝ። እኔ ፈጥኜ፣ ድሃ ስለሆነ አልኩ። ልጅ የምታውቀውን ነው የምትመልሰው።

"ድሃ አይደለም" አሉኝ እማሆይ። "በእጁ ነበረ እኮ። ፈሪ ነው።"

እማዬ ክፍላችን ውስጥ ሆና ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋው ጸጥ ሲል ሰማሁት።

ጥቅምት እያለቀ ሲሄድ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። ያ ነጭ አንሶላ ከነፕላስቲኩ ከላይ ተቀምጧል። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! ጾማችን ሊፈታ ነው። አገር ቤት ልንሄድ ነው፣ ወይም በአንሶላው ልንተኛ ነው፤ የትኛውም ይሁን ብቻ ያ ቀን መጣ። እየዘለልኩ ልብሶቼን ከመስቀያው እያወረድኩ አቀብላት ጀመር። እማዬ እየተቀበለች ታጥፋለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? የእኔ ቀሚስ ገባ፣ የእኔ ሹራብ ገባ፣ የእኔ ካልሲዎች ገቡ። ከዚያ የሷን ቀሚስ አምጥቼ ስሰጣት መልሳ ሰቀለችው።

የማንን ሻንጣ ነው የምንሸክፈው? አልኳት።

"ያንቺን" አለችኝ ፊቷን አዙራ። "ከጽዮን በዓል በኋላ እትዬ ዘነቡ ወደ አገር ቤት ትሄዳለች። ደብረ ብርሃን አክስትሽ ጋ ታደርስሻለች። እዚያ ዘመድ አለሽ ፍሬ። ድሃ ብቻውን ልጅ አያሳድግም።"

እትዬ ዘነቡ ዕቃ የምታመላልስ ነጋዴ ናት፤ አውቃታለሁ። አክስቴን ግን በስልክ ድምፅዋን እንጂ ሌላ አላውቅም። ደብረ ብርሃንን አላውቅም። የተወለድኩት እዚህ፣ የማውቀው እሷንና ይህችን ክፍል ነው። እንባ የመጣልኝ ኮሪደር ወጥቼ ደረጃው ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። አንሶላውን እንኳን ለአክስቴ ስጦታ ነበር ያወጣችው።

በማግስቱ እማዬ ሥራ ሄዳ፣ እማሆይ ሳሎን ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ፣ እግራቸው ሥር ሄጄ ተደፋሁ። ምስጢሬን ሁሉ ነገርኳቸው። እኛ ክፍል ታቦት አለ፣ እኔ ልጅ ስለሆንኩ አይሰማኝም፣ እርስዎ መነኩሴ ነዎት፣ እባክዎ እንዳልሄድ ይለምኑልኝ አልኳቸው።

መቁጠሪያው ከእጃቸው ወደቀ። እማሆይ ሲደነግጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ምን አለ? ምን አለ ነው ያልሽው?"

ታቦት። በነጠላ የተሸፈነ። ቅብዐ ቅዱስ የሚሸት።

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!" ብለው ብድግ አሉ። ሴት የምታድርበት ክፍል፣ ሽንኩርት የሚላጥበት፣ ሰው የሚተኛበት! ማን ሰጣት? ከየት ሰረቁት? ስለ ጠፋ ታቦት የሰሙት ወሬ ሁሉ ያን ጊዜ በጭንቅላታቸው ሳያልፍ አልቀረም። ክፍላችን በር ድረስ ሄዱና ደፉን ሳይረግጡ ቆሙ። ከዚያ መሬት ላይ፣ በሩ ፊት ተቀመጡ። እማዬ እስክትመጣ ውሃ እንኳን አልጠጡም። እኔ አጠገባቸው ኩርምት ብዬ፣ ምን ጉድ አፈላሁ እል ነበር። ውጪ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓዱ ከሩቅ ጀምሯል።

እማዬ መጣች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ እማሆይ መቋሚያቸውን አነሡባት። "አንቺ እልፍነሽ! ቤትሽ ታቦት አስገብተሻል?"

እማዬ መጀመሪያ ምንም አልገባትም። እኔን አየች፣ እማሆይን አየች፣ ጥጉን አየች። ከዚያ ሳቀች። እናቴ ጮክ ብላ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ከታቦቱ በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ሳቋ አልቆም ብሏት ግድግዳውን ደገፈች፣ ግድግዳውን እንደደገፈች ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። "የስፌት መኪና ነው እኮ እማሆይ" አለች። "የስፌት መኪና ነው።"

እማሆይ ግለጪው አሏት። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። አልችልም አለች። ያን ጊዜ እማሆይ ተነሥተው፣ መቋሚያቸውን ጥለው፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ ጥጉ ድረስ ሄዱና ነጠላውን በእጃቸው ጨምድደው ሳቡት።

እኔ ጮኼ መሬት ላይ ተደፋሁ። በእርግጠኝነት ሞተዋል። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ነጎድጓዱን ጠበቅኩ፤ እውነትም ያን ሰዓት መስኮቱን ያንቀጠቀጠ ነጎድጓድ ጮኸ፣ በረዶውም መስታወቱን ይደበድብ ጀመር። ግን ማንም አልወደቀም። የእማሆይ ትንፋሽ ይሰማኛል። የዘይት ሽታው ክፍሏን ሞላት። አንድ ዓይኔን በጣቶቼ መሀል ከፈትኩ።

ጥቁር ብረት። መርፌ። በጎኑ በእጅ የሚዞር ትንሽ መዘውር።

ይህን ሁሉ ዓመት የሰገድኩት ለዚህ ነው? ከታንዲ የተጣላሁት ለዚህ ነው? በአባዬ ምትክ የተሰጠን ይህ ነው? እንዲህ ያለ ንዴት ተሰምቶኝ አያውቅም። እማዬ ደግሞ እኔ መሬት ላይ ተደፍቼ ስታየኝ ነገሩ ገና ያን ጊዜ ገባት። በየጠዋቱ በሩ ጋ የማጎነብሰው ጫማ ለማሰር ይመስላት ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ነው ስትሰግጂ የኖርሽው?" ብላ ልትቆጣኝ ስትነሣ እማሆይ አቋረጧት።

"ተይ፣ እሷ ምን አጠፋች? አንቺ ስትሰግጂ አየች፣ ሰገደች። ፍርሃትሽን ታቦት አድርገሽ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ።"

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስለ አባዬ ተናገረች፤ እኔ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ። ዲፕስሉት በሚባል ሰፈር ስፓዛ፣ ትንሽ ሱቅ፣ ነበራቸው። እሷ ከልጅነቷ ደብረ ብርሃን ውስጥ የካህናት ካባና የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ትሰፋ ነበር፤ አባዬ ይህን ስለሚያውቅ ያቺን መኪና ፈልጎ ገዛላት፣ ከሱቁ ጎን የስፌት ቤት ሊያሠራላት። ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ሐበሾቹ ሊያድጉ ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት ሌቦች ሽጉጥ ይዘው ሱቁ ገቡ። አባዬ አልተመለሰም፣ መኪናው ግን ያለ አንዳች ጭረት ተረፈ። "ቀና ባልን ቀን ተመታን" አለች። "ከዚያ ወዲህ ዝቅ ብዬ ነው የምኖረው። ድሃ ሆኜ ስቀመጥ ማንም አያየኝም፤ እግዚአብሔርም አያየኝም።"

እማሆይ ወደ ድምፅዋ ዞሩ። "እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ አልፈርድብሽም። ግን ባልሽን የገደለው ሌባ ነው። መኪናው አልገደለውም። እግዚአብሔር ደግሞ ለእጅሽ ጥበብ ሰጥቶ፣ ስትሠሪበት አይቶ የሚቀና ነው? ምን ዓይነት አምላክ ነው ያለሽ አንቺ?"

ያ ጥያቄ እማዬን እንዴት እንዳደረጋት እኔ ፊቷ ላይ አየሁት፤ በጥፊ የተመታች ነበር የምትመስለው።

ያ በረዶ የቤተ ክርስቲያናችንንም የታቦት ጥላ ቀዳዶት ኖሯል፤ ለመድረቅ ውጪ ተቀምጦ። ከአገር ቤት ይምጣ ቢባል ለጽዮን በዓል አይደርስም። እሑድ ካህናቱ ይህን ሲጨነቁ፣ እማሆይ እኔን እየጎተቱ ወደ ቄሱ ሄዱና፣ የሚሰፋ ሰው አለ፣ እልፍነሽ ትባላለች፣ ኋላ ጫማው ጋ የምትቆመዋ አሉ። እማዬን አላማከሯትም። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ሲያያት አንገቷን ደፋች። እምቢ ልትል እንደሆነ አውቅ ነበር። ግን ቄሱ ፊት፣ ለታቦት ጥላ፣ እምቢ አይባልም። ያዘቻት ማለት ነው አሮጊቷ።

ሐምራዊ ከፋይና የወርቅ ዘርፍ ተሰጣት። ከሥራ ስትመለስ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። መጀመሪያ መርፌው ዝጎ ተሰበረ፣ ሌላ ገዛች። ክሩ ይበጠሳል። ከፋዩ ይንሸራተታል። አንድ ቀን አንዱን ክንፍ አጣማ ሰፍታ ስታየው መዘውሩን ለቀቀችና፣ አየሽ፣ ለእኛ አልተጻፈም አለች። በጋሽ ታደለ እጅ ለቄሱ ልትመልሰው ተነሣች። እኔ እንደተቆጣሁ ነበር፤ ስለ ሻንጣውም ስለ መኪናውም። ሻንጣዬ በር ሥር ቆሟል፤ ስለሱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ንዴቴ ነው ያናገረኝ።

"ሰውየው ድሃ አልነበረም፤ ፈሪ ነው" አልኳት።

እጇን ልታነሣብኝ መስሎኝ ነበር። ቆማ አየችኝ። ከዚያ ሄዳ እጇን ታጠበች፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ጸለየች። የቀድሞው ጸሎቷ ልመናና ይቅርታ ብቻ ነበር፤ ያን ቀን ግን ስለ ጣቶቿ ስታመሰግን በጆሮዬ ሰማሁ። የጠመመውን ስፌት ተረትራ ከመጀመሪያው ጀመረች። መብራት ሲጠፋ ሕንፃው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ የሷ መኪና በእጅ የሚዞር ነውና አይቆምም። ከታች የታንዲ እናት ሳትቀር ምንድን ነው የሚጮኸው ብላ ወጥታ አይታ፣ "ማማ፣ ይህን አንቺ ነሽ የሠራሽው?" ብላ በአፏ ላይ እጇን ጫነች። እማዬ "እኛ ምኖች ነን" ልትል አፏን ከፈተችና ዋጠችው። አዎ፣ እኔ ነኝ አለች።

የአባዬ ነጠላ ከዚያ ቀን በኋላ የትም አልታየም። ሻንጣዬ ውስጥ የጨመረችው መስሎኝ፣ ለመጠየቅም ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

የጽዮን ዕለት ገና ከጠዋቱ ይሞቅ ነበር። ጥላው ሲገባ በጨርቅ ተጠቅልሎ ስለነበር ተዘርግቶ አላየሁትም። እማሆይ እጄን ይዘው ከፊት ለፊት አቆሙኝ፣ እማዬንም ከጫማው መሀል ጎትተው አመጧት። ከዚያ መጋረጃው ተከፈተ። ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ ሆኖ ወጣ፣ ከበላዩ ጥላው ተዘረጋ። እልልታው ሲቀልጥ ሕዝቡ ሁሉ መሬት ሳመ።

እኔ አልሰገድኩም። አንዴ ተታልያለሁ። ከዚያ ልብስ ሥር ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ሁሉም ሲያጎነብስ እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ቆምኩ። ካህኑ በአጠገቤ ሲያልፍ ጥላው በላዬ ላይ መጣ፣ እኔም ወደ ላይ አየሁ።

ከውጪ ሐምራዊና ወርቅ ነው። ከውስጥ ነጭ ነው። በዙሪያው አረንጓዴ ጥለት አለው።

"አባዬ!" ብዬ ጮህኩ። እናቴ ቄሱን አስፈቅዳ፣ ነጠላውን አጥባ፣ የጥላው ገበር አድርጋው ኖሯል። ከሥር ቆሞ ቀና ላላለ ሰው አይታይም። እግዚአብሔር አባዬን ወስዶ ታቦት ሰጠን ብዬ ያመንኩት የልጅ ሞኝነት ነበር፤ አሁን ግን በዓይኔ ፊት እውነተኛው ታቦት በአባዬ ነጠላ ሥር እየሄደ ነበር። ያን ጊዜ ሰገድኩ። ለማን እንደምሰግድ አውቄ።

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ እማዬን ከበቧት፤ አንዷ የክርስትና ልብስ፣ አንዷ የሙሽራ ካባ ትጠይቃለች። በመሀላቸው እትዬ ዘነቡ መጣችና፣ እንግዲህ ሐሙስ ነው በረራው፣ ልጅቷን ጠዋት አድርሺልኝ አለቻት። ጆሮ ብቻ ሆንኩ። እማሆይ እንኳን መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

"አትሄድም" አለች እናቴ። "እኔ አሳድጋታለሁ።"

ያስደነገጠኝ ቃሉ አይደለም፤ ድምፅዋ ነው። ዝቅ አላደረገችውም። እትዬ ዘነቡ ልትከራከር ፈልጋ ፊቷን አየችና ተወችው።

ማታ ቤታችን ገብተን፣ እማዬ ሻንጣዬን አልጋው ላይ አውጥታ ከፈተችው። ቀሚሴን ሰቀለችው፣ ካልሲዎቼን መለሰቻቸው። ከዚያ አንሶላውን አነሣች። ፕላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው፤ ያ ቀጭን ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አራግፋ አልጋው ላይ አነጠፈችው። እጥፋቱ ሳይለቅ፣ ባለ አራት ማዕዘን መስመር እየሠራ ተዘረጋ። እኔ በእግሬ ጣት ቆሜ፣ መንካት ይከለከል እንደሆነ እየፈራሁ፣ ይህን ያህል ዘመን ያፈንኩት ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

"እማዬ፣ ጾሙ ተፈታ?"

"የምን መፈታት? የነቢያት ጾም ገብቶ የለ እንዴ፣ እስከ ልደት..." ብላ ጀመረችና አየችኝ። አንሶላውን አየች። ይህን ሁሉ ዓመት "ጾም ነው" ስትለኝ ምን እንደሰማሁ ያን ጊዜ ገባት። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"የነቢያቱ አልተፈታም ልጄ" አለችኝ ኋላ። "የእኛው ግን ተፈቷል። ነይ ተኚ።"